የፕሮጀክት ጊዜን ማሳጠር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ሥራው ገና ሲሆን ከሥራ መሪዎች የሚመጡት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። እዚህ የሰበሰብኳቸው በግንባታና በእድሳት ሥራዎች ላይ የጊዜ ሰሌዳ ሳወጣና ስከታተል በተደጋጋሚ የገጠሙኝን ነው። ምሳሌዎቼ ከሳይት ቢሆኑም አብዛኛው ሐሳብ ለሶፍትዌርም ሆነ ለማሽን ተከላ ያገለግላል።

የጊዜ ሰሌዳ ማሳጠር ሲባል ምን ማለት ነው?

የሥራውን መጠንና ጥራት ሳይነኩ ሥራው በጠቅላላ የሚፈጀውን ቀን መቀነስ ማለት ነው። የታወቁት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ክራሺንግ ይባላል፤ ሰው፣ መሣሪያ ወይም ፈረቃ ጨምሮ ሥራውን ማፋጠን፣ ማለትም ጊዜን በገንዘብ መግዛት ነው። ሁለተኛው ፋስት ትራኪንግ ነው፤ አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው ይጀመር የነበረውን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። ከእነዚህ ውጭ የሥራውን መጠን ራሱን መቀነስ የሚባል ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እሱ ግን ከባለቤቱ ጋር የሚደረግ ስምምነት ስለሚጠይቅ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ሰሌዳው ላይ 12 የነበረውን 8 ብሎ መጻፍ ማሳጠር አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ጊዜ ስላየሁት ነው። ስብሰባ ላይ አለቃው «ይሄ አይበዛም?» ይላል፤ ቁጥሩ እዚያው ይቀነሳል፤ የሚሠራው ሰው፣ መሣሪያውና አሠራሩ ግን ያው ነው። የተቀነሰ ቀን ሁሉ «በምን ተቀነሰ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል። መልስ ከሌለው ቀኑ አልተቀነሰም፤ መዘግየቱ የሚታወቅበት ጊዜ ብቻ ነው የተራዘመው።

ከየትኛው ሥራ ልጀምር? ብዙ ጊዜ የሚወስደውን ላፋጥን?

አይደለም። በዚህ ገጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን መልስ ያንብቡ።

አንድ አዳራሽ ይታደሳል እንበል። ዲዛይኑን ማጽደቅ 6 ቀን ይፈጃል። ከዚያ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል ነባሩን ማፍረስ 5 ቀን፣ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት 8 ቀን፣ ልስን 7 ቀን፤ እነዚህ ተከታትለው ይሄዳሉ። በሌላ በኩል በሮቹና መስኮቶቹ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራሉ፤ 15 ቀን። ልስኑ ሲያልቅና በርና መስኮቱ ሲደርስ መግጠም ይጀመራል፤ 4 ቀን። በመጨረሻ ቀለም፤ 6 ቀን።

በልስኑ በኩል ያለውን መስመር ሲደምሩ 6፣ 5፣ 8፣ 7፣ 4 እና 6 ተደምረው 36 ቀን ይመጣል። በወርክሾፑ በኩል ያለው 6፣ 15፣ 4 እና 6 ሲሆን ድምሩ 31 ነው። ስለዚህ አዳራሹ በ36 ቀን ያልቃል። ረዥሙ መስመር ክሪቲካል ፓዝ ወይም ወሳኝ መንገድ የሚባለው ነው፤ በላዩ ካሉት ሥራዎች የአንዱ አንድ ቀን መዘግየት ማስረከቢያውን አንድ ቀን ይገፋዋል። የወርክሾፑ ሥራ ግን 5 ቀን ቢዘገይ ምንም አይለወጥም። ይህ 5 ቀን ፍሎት ይባላል።

አሁን ልብ ይበሉ። ከሁሉም ረዥሙ ሥራ በርና መስኮት ማሠራቱ ነው፤ 15 ቀን። የሁሉም ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ባለቤቱም የሚደውለው ለእንጨትና ለብረት ሠራተኛው ነው። ወርክሾፑ ገንዘብ ተጨምሮለት በ10 ቀን ቢጨርስ ግን አዳራሹ ያው በ36 ቀን ነው የሚያልቀው። የተጨመረው ገንዘብ የገዛው በሮቹ ጥግ ተደግፈው ግንበኛ የሚጠብቁባቸውን 5 ተጨማሪ ቀናት ብቻ ነው።

ክራሺንግ በተግባር እንዴት ይሰላል?

ለእያንዳንዱ ሥራ አራት ቁጥር ያስፈልጋል፦ መደበኛው ጊዜ፣ መደበኛው ወጪ፣ ሊደረስበት የሚችለው አጭሩ ጊዜ፣ እና በዚያ ጊዜ ሲሠራ የሚወጣው ወጪ። የወጪውን ልዩነት ለቀኑ ልዩነት ሲያካፍሉ አንድ ቀን ለመቀነስ የሚከፈለው ዋጋ ይወጣል።

በአዳራሹ እንቀጥል፤ ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን። ልስኑን ከ7 ወደ 5 ቀን ማውረድ በቀን 2,000 ያስወጣል። ቀለሙን ከ6 ወደ 4 ማውረድ በቀን 2,500። ኤሌክትሪኩን ከ8 ወደ 5 ማውረድ በቀን 3,000። ማፍረሱን ከ5 ወደ 4 ማውረድ 5,000። ወርክሾፑ ደግሞ እስከ 10 ቀን ድረስ መውረድ ይችላል፤ በቀን 1,000 ብቻ። ዝርዝሩን በዋጋ ብቻ የሚያይ ሰው ወርክሾፑን ያስቀድማል። ወሳኙን መንገድ የሚያይ ግን ከልስኑ ይጀምራል።

ልስኑ 2 ቀን ሲቀነስ 4,000 ወጥቶ ሥራው 34 ቀን ይሆናል። ቀለሙ 2 ቀን ሲቀነስ ሌላ 5,000 ወጥቶ 32። ኤሌክትሪኩ 3 ቀን ሲቀነስ 9,000 ወጥቶ 29። እስካሁን 18,000 ከፍለን 7 ቀን አተረፍን።

እዚህ ላይ ቆም ብለው እንደገና ይደምሩ። ማፍረስ 5፣ ኤሌክትሪክ 5፣ ልስን 5፤ ድምሩ 15። ወርክሾፑም 15። የነበረው ፍሎት አልቆ ሁለቱም መስመሮች ወሳኝ ሆነዋል። ከእንግዲህ ማፍረሱን ብቻ በአንድ ቀን ማሳጠር 5,000 ማባከን ነው፤ ወርክሾፑንም አብረው በአንድ ቀን ማሳጠር አለብዎት። ስምንተኛዋ ቀን 6,000 ትጠይቃለች። የመጀመሪያዋ 2,000 ነበረች። ክራሺንግ ላይ እያንዳንዱ ተከታይ ቀን ከፊተኛው የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ርካሾቹ ቀናት አስቀድመው ይገዛሉ፣ ቀጥሎም ሁለትና ሦስት መስመር በአንድ ጊዜ መክፈል ይመጣል።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ወሳኝ መንገድ ላይ ካሉት ሥራዎች አንድ ቀን ለመቀነስ ርካሹን ይምረጡ፣ ይቀንሱ፣ ሰሌዳውን እንደገና ያስሉ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይሂዱ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወስኖ መቁረጥ በመሃል የተለወጠውን መንገድ እንዳያዩት ያደርጋል።

እስከ ስንት ቀን ድረስ ማሳጠር ያዋጣል?

ሥራው አንድ ቀን በቆየ ቁጥር የሚወጣውን ወጪ ያስሉ፦ የጥበቃ፣ የመሣሪያ ኪራይ፣ የተቆጣጣሪ ደመወዝ፣ የጽሕፈት ቤት፣ ውሉ ላይ ካለ ደግሞ የመዘግየት ቅጣት። በምሳሌያችን ይህ በቀን 2,800 ነው ብንል ልስኑንና ቀለሙን ማሳጠር ራሱን ይከፍላል፤ በ2,000 እና በ2,500 የተገዛ ቀን 2,800 ያድናል። ኤሌክትሪኩ በ3,000 ሲገዛ ግን በየቀኑ 200 ኪሳራ አለው። ያ ቀን ለባለቤቱ ሌላ ጥቅም ካላስገኘለት በ32 ቀን ማቆም ይሻላል።

ዘዴው ሲፈጠር ጀምሮ ዋና ጥያቄው ይሄው ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኩባንያና የኮምፒዩተር አምራቹ ሬሚንግተን ራንድ፣ በሞርጋን ዎከርና በጄምስ ኬሊ በኩል የወሳኝ መንገድ ስሌትን ሲያወጡ፣ ወጪና ጊዜ የሚመጣጠኑበትን ነጥብ ማግኘት የሥራቸው እምብርት ነበር። ብዙዎቻችን ዛሬ ዘዴውን የምንጠቀመው ባለ ቀለም የጋንት ሠንጠረዥ (ሥራዎቹን በቀን ላይ በተዘረጉ አግዳሚ መስመሮች የሚያሳየውን) ለማተም ብቻ ነው፤ የገንዘቡን ግማሽ ትተነዋል። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ውሳኔ የሚሰጠው ያ ግማሽ ነው።

ፋስት ትራኪንግ ገንዘብ የማይጠይቅ ከሆነ ለምን ሁልጊዜ አናደርገውም?

ስጋት ስለሚያስከፍል ነው። አዳራሹ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመሩ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ከመጠበቅ፣ ኤሌክትሪሽያኑ ከአንድ ወገን ጀምሮ ግማሹን ሲጨርስ ግንበኛው በዚያ ወገን ልስን መጀመር ይችላል። ልስኑ ኤሌክትሪኩ በተጀመረ በ5ኛው ቀን ማብቂያ ላይ ቢጀመር ሁለቱ ሥራዎች በ15 ቀን ፈንታ በ12 ቀን ያልቃሉ። ሦስት ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተገኘ ማለት ነው።

አሁን ስጋቱን በቅርብ እንየው። የተለሰነው ግድግዳ ውስጥ ያለፈው መስመር ገና አልተፈተሸም። በ8ኛው ቀን ሲሞከር አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ካልሠራ፣ ወይም ባለቤቱ መጥቶ «መብራቱ እዚህ ሳይሆን እዚያ ይሁን» ካለ፣ የደረቀ ልስን ይቦረቦራል። የግንበኛው ስካልፎልዲንግ (መወጣጫ) መተላለፊያውን ስለሚዘጋም ኤሌክትሪሽያኑ መሰላሉን የሚያቆምበት ያጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስለዚህ ሥራዎችን ከመደራረብዎ በፊት ቅደም ተከተሉ ከምን እንደመጣ ይጠይቁ። አንዳንዱ ከተፈጥሮው ነው፤ መሠረት ሳይሞላ ግድግዳ አይቆምም። አንዳንዱ ግን የልማድ ነው፤ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው» የሚባለው ዓይነት። አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው አንድ ቡድን ስለሆነ ብቻ የመጣ ነው። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ናቸው በደህና የሚደራረቡት። ቦታን በክፍል ከፋፍሎ መደራረብ ከሁሉም የተሻለው ነው፤ ሁለት ቡድን አንድ ግድግዳ ላይ አይገናኝም። ባልጸደቀ ዲዛይን ላይ መሥራት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው።

ሁለቱን ሳወዳድር የቱን ላስቀድም?

ገንዘብ ካለና ስህተት የማይታለፍበት ሥራ ከሆነ ክራሺንግ። ገንዘብ ከሌለና ሥራው በክፍል በክፍል መለየት የሚችል ከሆነ ፋስት ትራኪንግ። በእኔ ልማድ ግን ከሁለቱም በፊት የሚመጣ ሌላ ነገር አለ።

ያለ ገንዘብም ያለ ስጋትም የሚገኝ ቀን አለ?

አለ፤ መጠበቅ ውስጥ። የአንድ ሥራ ሰሌዳ ላይ ያሉትን ቀናት ሰው እጁን አንሥቶ የሚሠራባቸውና ማንም የማይሠራባቸው ብለው ለሁለት ይክፈሏቸው። የአዳራሹ ዲዛይን ማጽደቂያ 6 ቀን ነበር። ዲዛይኑን አንብቦ አስተያየት ለመስጠት ግን ምናልባት አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል፤ ቀሪው ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ የሚተኛበት ነው። አጽዳቂውን፣ ዲዛይነሩንና ባለቤቱን አንድ ጠዋት አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ከየትኛውም ተጨማሪ የግንበኛ ቡድን የበለጠ ቀን ያስገኛል፤ ወጪውም የስብሰባ ክፍል ነው።

የዕቃ አቅርቦትም እንዲሁ ነው። ለመድረስ ሳምንታት የሚወስድ ዕቃ ካለ ሥራው ተራው እስኪደርስ ሳይጠበቅ ገና ከመነሻው ይታዘዝ። የቀለም ዓይነትና የንጣፍ ምርጫን የመሰሉ የባለቤት ውሳኔዎች የራሳቸው የመጨረሻ ቀን ኖሯቸው ሰሌዳው ላይ እንደ ሥራ ይጻፉ። ካልተጻፉ ማንም አይከታተላቸውም፤ ሲዘገዩም ተቋራጩ ነው የሚወቀሰው።

የዚህ ትልቁ ማሳያ የኒውዮርኩ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ነው። ግንባታው መጋቢት 1930 (እ.ኤ.አ.) ተጀምሮ ግንቦት 1 ቀን 1931 ተመረቀ፤ 102 ፎቅ በአንድ ዓመት ከጥቂት ሳምንት። የብረት መዋቅሩ በአማካይ በሳምንት 4 ፎቅ ተኩል ያህል ይወጣ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ነበረው፣ ይህ አይካድም። ግን ሰውን ብቻ አከማችቶ ያንን ፍጥነት ማግኘት አይቻልም። ብረቱ በፋብሪካ ተቆርጦና ተበስቶ፣ የሚገባበት ቦታ ተጽፎበት ይመጣ ነበር። ሳይቱ ላይ የማከማቻ ቦታ ስላልነበር የሚመጣው ለዚያን ጊዜ የሚፈለገው ነው፤ በየፎቁም ዕቃ የሚያመላልስ ትንሽ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። ሠራተኛው ዕቃ ሲፈልግና ሲጠብቅ የሚያጠፋው ጊዜ እንዲያጥር ታስቦ ነው የተዘጋጀው።

ሰው በእጥፍ ብጨምር ጊዜው በግማሽ አይቀንስም?

ቁፋሮ ከሆነና ቦታው ሰፊ ከሆነ ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። ብዙ ሥራ ግን እንዲህ አይከፋፈልም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀለም ቀቢ ይበቃል፤ ስድስተኛው የሌላውን ክንድ እየገፋ ነው የሚውለው።

ሐሳብ በሚበዛበት ሥራ ነገሩ ይብሳል። 5 ሰዎች እርስ በርስ ለመነጋገር 10 መስመር አላቸው። 10 ሰዎች ሲሆኑ መስመሩ 20 ሳይሆን 45 ይሆናል። በአይቢኤም ኦኤስ 360 የተባለውን የኮምፒዩተር ስርዓተ ክወና ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ያስቀመጠው ሐሳብ ይኸው ነው፦ በዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል። አዲሱን ሰው የሚያሠለጥነው ማን ነው? ሥራውን የሚያውቀው፣ ማለትም አሁን ወሳኙን መንገድ የያዘው ሰው።

ሰው መጨመር ካለብዎት አስቀድመው ይጨምሩ፤ በመጨረሻው ሳምንት አይጠቅምም። ሥራውን ለይተው ያልቆረጡለትን ሰውም አይጥሩ። ነባሩን ባለሙያ ከማይመለከተው ሥራ፣ ከስብሰባና ከሪፖርት የሚያላቅቅ አንድ ረዳት ብዙ ጊዜ ከሁለት አዲስ ባለሙያ ይበልጣል።

ኦቨርታይምስ?

ለአጭር ጊዜና ለተወሰነ ሥራ ጥሩ ነው። አንድ ሶሌታ አርማታ ተሞልቶ እስኪያልቅ እስከ ሌሊት መሥራት ተገቢ ነው፤ መሃል ላይ ማቆሙ ነው ችግር የሚፈጥረው። ለወር ለሁለት ወር ሲዘልቅ ግን ሰው ይደክማል፣ በሰዓት የሚሠራው ይቀንሳል፣ ስህተትና አደጋ ይበዛል፤ የከፈሉበት ተጨማሪ ሰዓት ቀስ በቀስ ይጠፋል። ለረዥም ጊዜ የሚያስፈልግ ከሆነ ሁለተኛ ፈረቃ ይሻላል፤ ርክክቡ በጽሑፍ መሆን አለበት። ከፍታ ላይ የሚሠራን ሰው ለሦስተኛ ተከታታይ ሌሊት አያቆዩ። ይህን ከወጪ ጋር አላወዳድረውም።

በምንም ገንዘብ የማያጥር ሥራ አለ?

አለ። ኮንክሪት የሚጠነክረው በኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ጥንካሬውም የሚለካው በ28 ቀን ነው። በተለመደው ሲሚንቶ በ7 ቀን ከዚያ ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይገኛል፤ ብርድ ሲሆን ይዘገያል። ቶሎ የሚጠነክር ሲሚንቶ ወይም ማፋጠኛ ኬሚካል መጠቀም ይቻላል፣ ግን ከመሐንዲሱ ጋር ተነጋግሮና በኪዩብ ምርመራ (ከዚያው ኮንክሪት የተወሰደ ናሙና ጥንካሬ በመለካት) አረጋግጦ ነው። ኮንክሪቱን የተሸከመውን ድጋፍ የሚያስነሣው የምርመራው ውጤት ነው እንጂ የማስረከቢያው ቀን አይደለም።

ልስንም መድረቅ አለበት። በአንድ እድሳት ላይ ምረቃው ስለደረሰ ገና እርጥበት ያለውን ግድግዳ ቀለም አስቀባሁ። በምረቃው ቀን ያምር ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከወለሉ ከፍ ብሎ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ማበጥ ጀመረ፤ በጣት ሲነካ ይሰነጠቅና ከሥሩ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ይወጣል። ሙሉ ግድግዳው ተፋቀ፣ ደረቀ፣ እንደገና ተቀባ። ሰዎቹ ቢሮውን ለቀው ወጥተው ነበር የተሠራው። ያተረፍኳቸው ቀናት አራት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የመድረቂያ ጊዜን ራሱን እንደቻለ ሥራ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ሲጻፍ ይታያል፣ ሳይጻፍ ግን እንደ ባዶ ቀን ተቆጥሮ ይቆረጣል። በዚያ ጊዜ ሌላ ክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነገር መፈለግ ነው መፍትሔው።

እያንዳንዱ ባለሙያ የሰጠኝ ግምት ውስጥ ትርፍ ቀን ደብቋል ብዬ እጠረጥራለሁ። ልቁረጠው?

ጥርጣሬዎ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በስብሰባ ላይ መቁረጡ ግን አይጠቅምም። ዛሬ ከቆረጡበት በሚቀጥለው ጊዜ ጨምሮ ይነግርዎታል።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሲሪል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1955 (እ.ኤ.አ.) እንዳለው ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ይለጠጣል። 10 ቀን የተሰጠው ሰው በ7 ቀን ቢጨርስም አያስረክብም፤ ቢያስረክብም ቀጣዩ ቡድን አልተዘጋጀም። የተገኘው ቀን ይባክናል፣ የዘገየው ቀን ግን ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። የአስተዳደር ጸሐፊው ኤሊያሁ ጎልድራት በ1997 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ክሪቲካል ቼይን የተባለው ዘዴ መልሱ ይህ ነው፦ በየሥራው የተበተነውን መጠባበቂያ ሰብስቦ ከፕሮጀክቱ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ማስቀመጥ። እያንዳንዱ ሥራ አጠር ያለ ግምት ይሰጠዋል፣ ማንም በመዘግየቱ አይቀጣም፣ ሁሉም ከጋራው መጠባበቂያ ምን ያህል እንደተበላ ያያል። የተበተነ መጠባበቂያ በአንድ ላይ ሲሆን መጠኑ ቢያንስም ይበቃል፤ ሁሉም ሥራ በአንድ ጊዜ አይዘገይምና።

ይህ የሚሠራው መተማመን ካለ ብቻ ነው። አጭር ግምት ሰጥቶ ያልደረሰበትን ሰው አንድ ጊዜ ከገሠጹት ያበቃል።

የሥራውን መጠን መቀነስ ሽንፈት አይደለም?

አይደለም፣ በግልጽ እስከተነገረ ድረስ። ባለቤቱ በቀኑ የሚፈልገው ምንድን ነው ብለው ይጠይቁ። አዳራሹ ለስብሰባ የሚፈለግ ከሆነ የኋላው ዕቃ ቤት ቀለም ከአንድ ሳምንት በኋላ ቢቀባ ማንም አይጎዳም። በሶፍትዌር ተጠቃሚው መመዝገብና መክፈል ከቻለ የሪፖርቱ ገጽ በሁለተኛው ዙር ሊመጣ ይችላል። ነውሩ በዝምታ መቀነስ ነው፦ ሙከራን መዝለል፣ ከሁለት እጅ ቀለም አንዱን መተው፣ ከግድግዳው በስተጀርባ የማይታየውን ማሳነስ። ያ የባለቤቱን ገንዘብ መውሰድ ነው።

ቀኑ ከላይ ተወስኖ ቢሰጠኝ ምን ልበል?

«አይቻልም» ብቻ ብለው አይመለሱ፤ «እሺ» ብቻ ብለውም አይውጡ። ዋጋ የተጻፈባቸው አማራጮች ይዘው ይግቡ። ለአዳራሹ እንዲህ ብዬ እጽፍ ነበር፦ «በ36 ቀን በተያዘው በጀት። በ32 ቀን በ9,000 ተጨማሪ። በ29 ቀን በ18,000 ተጨማሪ፤ ከዚህ በኋላ ሁለቱም መስመሮች ወሳኝ ስለሚሆኑ ማንኛውም መዘግየት በቀጥታ ማስረከቢያውን ይገፋል። ማጽደቁ በ2 ቀን ካለቀ ከሁሉም ላይ 4 ቀን ይቀነሳል፤ ያ በእርስዎ እጅ ነው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙዎች መጻፍ ይፈራሉ። በአክብሮት ከተጻፈች ግን ከሁሉም የበለጠ ትሠራለች፤ ባለቤቱም የራሱን ድርሻ በቁጥር ያያል።

ውሳኔው በቃል ከሆነ በዚያው ቀን በጽሑፍ ያረጋግጡት።

ካሳጠርኩ በኋላ ምን ልከታተል?

ያጠረ ሰሌዳ ፍሎት የለውም፤ ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ፣ ካስፈለገም በየሁለት ቀኑ እንደገና ይሰላ። ትናንት ወሳኝ ያልነበረው መስመር ዛሬ ወሳኝ ሊሆን ስለሚችል ወርክሾፑንም መጠየቅ ይጀምሩ።

ሲጠይቁም «ስንት ፐርሰንት ደርሷል?» አይበሉ። ዘጠና ፐርሰንት ላይ ሁለት ሳምንት የቆመ ሥራ ብዙ አይቻለሁ። «ለመጨረስ ስንት ቀን ይቀርዎታል? ዛሬ የሚያስቆምዎት ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱን ሰሌዳው ላይ ያስገቡ፣ ከዚያ መስመሮቹን እንደገና ይደምሩ።